የአባት ምላጭ ከሳጥን ወጥቶ ጉንጭ ላይ እስኪደርስ

ባለፈው መስከረም ከድሬዳዋ ገጠር፣ ከዋሂል፣ አንድ ሰው በአሮጌ ሻሽ የተጠቀለለ ዕቃ ይዞልኝ መጣ። ሲፈታው የሚታጠፍ ምላጭ ወጣ። እጀታው ቀንድ ነው፤ ብረቱ ጠቁሯል፤ ስለቱ መሃል ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል ቦታ ተሸርፋለች። “የአባቴ ናት” አለኝ። “ቀፊራ ገበያ ስሄድ ግራይንደር ያለው ሰው ጋ አንዴ ላስነካት አስቤ ነበር።” እንኳንም አላስነካት።

ከሳቢያንም ይምጣ ከለገሃሬ ወይም ከገጠር ቀበሌ፣ እጄ የሚገባው ምላጭ ሁሉ አመጣጡ ተመሳሳይ ነው። አባት ወይም አያት ያርፋል፣ ሳጥኑ ይከፈታል፣ ምላጩ ይገኛል፤ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ አንድ ቀን ሊላጭበት ይመኛል። ከዚያ የሚመጣው ችኮላ ነው ምላጩን የሚገድለው። እኔም የመጀመሪያ ምላጬን ያጣሁት እንዲሁ ነው። ግራይንደር ላይ 10 ሴኮንድ እንኳ አልቆየም፤ ስለቱ ጫፍ ላይ የርግብ አንገት የመሰለ ሰማያዊ ቀለም ብቅ አለ። ያ ቀለም ብረቱ ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረሱን ይናገራል። ካርቦን የበዛበት የምላጭ ብረት እዚያ ሲደርስ ጥንካሬውን ይለቃል፤ ስለቱ ከወረቀት የሳሳ በመሆኑ ደግሞ ለመጋል ጊዜ አይፈልግም። ሁለት ቀን ተላጨሁበት፣ በሦስተኛው እንደ ቆርቆሮ ተጣጠፈ።

ስለዚህ እዚህ የምነግርዎ ሁሉ በእጅና በዝግታ፣ ብረቱን ሳያግሉ የሚሠራ ነው። ከምላጭ ላይ ብረት መቀነስ ይቻላል፤ መመለስ ግን የለም። የሚደክሙት ምላጩን አዲስ ለማስመሰል ሳይሆን እንዲላጭ ለማድረግ ነው። በጎኑ ላይ የቀረ ጥቁረት ማንንም አይጎዳም።

1. መመርመር

ገና ሳይጠርጉት፣ ሳይፈገፍጉት ይመርምሩት። የሚፈልጉት ስንጥቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከስለቱ ተነስቶ ወደ ጀርባው የሚወጣ፣ ከፀጉር የቀጠነ መስመር። ስንጥቅ ያለበት ምላጭ እየተላጩበት ሊሰበር ይችላል፤ ስብርባሪው የሚቀረው ቆዳዎ ውስጥ ነው። ስንጥቅ ካገኙ ሥራው እዚያው ያበቃል፤ ምላጩን በክብር ለመታሰቢያ ያስቀምጡት።

ዓይን ብቻውን አይበቃም። ብረቱን ላምባ ይቀቡና 15 ደቂቃ ያቆዩት። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ አጥብቀው ይጥረጉትና የተፈጨ ነጭ ጠመኔ በስሱ ይነስንሱበት። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የገባው ላምባ ቀስ በቀስ እየወጣ ጠመኔው ላይ የረጠበ መስመር ይሠራል። የዓለም የባቡር ጥገና ቤቶች የመንኮራኩርና የዘንግ ስንጥቅ ሲፈልጉ የኖሩበት የቆየ ዘዴ ነው፤ ለምላጭም ያው ይሠራል።

ቀጥሎ ሽርፈቱን ይመልከቱ። የጤፍ ፍሬ የሚያህል በትዕግሥት ይወጣል። የስንዴ ፍሬ የሚያህል ከሆነ ግን ምላጩ ሲጠብ ቅርጹን ያጣልና ለጀማሪ አይሆንም። ዝገትም እንዲሁ ነው፤ በጎኑ ላይ ያለ ጉድጓድ አያሳስብም፣ ስለቱን የነካ ጉድጓድ ግን ሲሳል ሽርፈት ሆኖ ይወጣል።

በመጨረሻ ጭራውን ያንብቡ። እጀታው አጠገብ ያለው ወፈር ያለ ክፍል ላይ የከተማ ስም ይቀረጻል፦ ዞሊንገን፣ ሼፊልድ፣ ቲዬር። እነዚህ ሦስቱ የጀርመን፣ የእንግሊዝና የፈረንሳይ የስለት ከተሞች ናቸውና ስማቸውን ካገኙ ልፋትዎ ዋጋ የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። በሌላ በኩል ለጌጥ ተብለው የሚሸጡ፣ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቁ፣ ብረታቸው ለስላሳ የሆነ ምላጮች አሉ። እነዚያን ቢስሏቸውም ስለት አይዙም።

2. ዕቃ ማሰባሰብ

ከገጠር ወደ ከተማ ሲገቡ በአንድ ጉዞ ይሰብስቡት። ከመኪና ቀለም ቀቢዎች ወይም ከሚገዙበት ሱቅ በውሃ የሚሠራውን ጥቁር ብርጭቆ ወረቀት በ400፣ በ600፣ በ1000 እና በ2000 ቁጥር። ከመስታወት ቤት ጠርዙ የተሞረደ፣ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ የእጅ መዳፍ የሚሰፋና ስንዝር የሚረዝም መስታወት። የስፌት መኪና ዘይት፣ ላምባ፣ ፕላስተር፣ የኤሌክትሪክ ናስትሮ፣ ጥቁር ማርከር። ከጫማ ሰፊ ደግሞ ሳይሰነጠቅ የተለፋ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋትና 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የበሬ ቆዳ ጠፍር። ፕላስቲክ የተለበጠበት ቀበቶ አይሆንም።

የመሳያ ድንጋይ 1000፣ 4000 እና 8000 ቁጥር ቢያገኙ ከሁሉ ይሻላል። ታይዋን በሚባለው ገበያ የሚሸጠው ሻካራ የቢላ ድንጋይ ወይም የወንዝ ድንጋይ ግን ለምላጭ አይሆንም። በቤታችን ቢላ የምናስነካበት ድንጋይ ውስጥ ያለች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት የአንድ ሳምንት ድካምዎን በአንድ ምት ታጠፋለች።

3. ማጠብ

ሌላ ነገር ከመጀመርዎ በፊት ስለቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በፕላስተር ይሸፍኑት። ደነዘዘ ብለው የናቁት ምላጭ ጣት ይከፍታል፤ የተሳለው ምላጭ ያልቆረጣቸውን ሰዎች የዛገው ቆርጧቸው አይቻለሁ።

በለብ ያለ ውሃ፣ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይጠቡት፤ በተለይ ብረቱ ከእጀታው ጋር የሚታጠፍበትን መጋጠሚያ። በረኪና አይንኩ፤ ብረት ይበላል። አይቀቅሉትም፤ ቀንድ በፈላ ውሃ ይጠመዘዛል። የእኛ ውሃ ኖራ የበዛበት መሆኑን ጀበናና ማንቆርቆሪያ ያጠበ ሁሉ ያውቀዋል። ምላጭ ላይ የደረቀ ጠብታ ነጭ ነጥብ ይተዋል፣ ከነጥቡ ሥር ደግሞ ዝገት ይጀምራል። ስለዚህ እንደታጠበ ወዲያው በጨርቅ ማድረቅ፣ መጋጠሚያውን በአፍ እፍ ማለት፣ ከዚያ አንድ ጠብታ ዘይት። የመጨረሻውን ማለቅለቂያ በዝናብ ውሃ ቢያደርጉት የተሻለ ነው።

ከደረቀ በኋላ በ70 በመቶ አልኮል ይጥረጉት። ነገር ግን አልኮል መጋጠሚያው ውስጥ የተደበቀውን ሁሉ ያጸዳል ብለው አይመኑ። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን በሕይወት ይቆያል። ምላጩ ዕድሜ ልኩን የአንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ የእርስዎ ከሆነ ለወንድምዎም አይዋስም። ለግርዛት ወይም ለእንጥል ማስቆረጥ “ስለታም ምላጭ አለህ አሉ” ብሎ የሚመጣ ሰው ካለ አይስጡት።

እጀታውንም አሁን ይለዩት። በአውራ ጣትዎ አጥብቀው ያሹትና ያሽትቱት። የካምፎር ሽታ፣ ልብስ ውስጥ እንደምናስቀምጠው የብል መከላከያ ያለ፣ ከመጣ እጀታው ሴሉሎይድ ነው። ሴሉሎይድ ሲያረጅ፣ ይልቁንም እንደኛ አካባቢ ባለ ሙቀት፣ አሲድነት ያለው ጋዝ እየለቀቀ የራሱን ብረት ያዝገዋል፤ እሳትም በቀላሉ ይይዛል። እንዲህ ያለውን ከእሳት ያርቁ፤ እየተሰነጣጠቀ ከሆነ እጀታውን መቀየር ግድ ነው።

4. ዝገቱን ማውጣት

በአገራችን ዝገት ሲታይ እጅ ቶሎ የሚሄደው ወደ ሎሚና ጨው ነው። ለምጣድ ይሁን፤ ለምላጭ ግን አይ። ጨው ብረቱ ላይ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ የሎሚው አሲድ ደግሞ መልኩን አመድ ያስመስላል። አቸቶም ያው ነው፤ ሌሊቱን አቸቶ ውስጥ አድሮ የወጣ ምላጭ ዝገቱ ቢለቅም ብረቱ ይሻክራል።

ብረቱን ብቻ ላምባ ውስጥ አንድ ሌሊት ያሳድሩት፤ እጀታው ውጭ ይቅር። ጠዋት የለሰለሰውን ዝገት በቀጭን እንጨት ጫፍ ይግፉት። ከዚያ ምላጩን ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ አጋድመው፣ ብርጭቆ ወረቀቱን ቡሽ ላይ ጠቅልለው፣ ዘይት እየነኩ በ600 ይጀምሩ፣ በ1000 ይከተሉ፣ በ2000 ይጨርሱ። እጅዎ ሁልጊዜ በምላጩ ርዝመት ወይም ከጀርባ ወደ ስለት ወደ ውጭ ይሂድ፤ ከስለቱ ወደ ጀርባ በፍጹም። ምላጩን በአንድ እጅ አየር ላይ ይዘው መፈግፈግ ትልቁ ስሕተት ነው። ሳሳ ያለው ብረት ይታጠፋል፣ ይሰበራል፣ ወይም ጣትዎን ያገኛል።

ቀይ ዝገት በሙሉ ይውጣ፤ እርጥበት ይስባልና ሥራውን አያቆምም። ጥቁሩ ግን ብረቱ ራሱ ያበጀው ሽፋን ነው፤ ይቅር። ጀርባውንና ጭራው ላይ ያለውን ጽሑፍ አይፈግፍጉ። የጀርባው ውፍረት ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ በስድስተኛው ደረጃ ያዩታል።

5. እጀታው

እጀታው ካልላላና ካልተሰነጠቀ አይፍቱት። የደረቀ ቀንድ በስሱ ዘይት ይቀቡና አንድ ቀን ያቆዩት፤ መልኩ ይመለሳል። ምላጩ ሲታጠፍ ወደ ጎን እየዘመመ እጀታውን የሚነካ ከሆነ የመጋጠሚያውን ሪቢት ራስ ጠንካራ ብረት ላይ አስደግፈው በትንሽ መዶሻ በቀስታ ይንኩት። አሥር ቀላል ምት ከአንድ ከባድ ምት ይሻላል፤ ቀንድ አንዴ ከተሰነጠቀ አይጠገንም። ሙሉ በሙሉ መቀየር ካስፈለገ አሮጌውን ሪቢት በሞረድ አሳስተው ያውጡትና ቀዳዳውን በትክክል በሚሞላ የነሐስ ሽቦ ይተኩት።

6. መሳል

ምላጩ ሲሠራ ማዕዘኑ ብረቱ ላይ ተወስኖ ነው የተሠራው። ድንጋይ ላይ ጠፍጣፋ ሲያጋድሙት ጀርባውና ስለቱ አብረው ይነካሉ፤ በጀርባው ውፍረትና በምላጩ ስፋት መካከል ያለው ግንኙነት ራሱ ማዕዘኑን ይሰጥዎታል። እንደ ቢላ ቀና አድርጎ መሳል አያስፈልግም፤ ጀርባው ከድንጋዩ ላይ ለአፍታም መነሳት የለበትም።

ድንጋዩ ደልዳላ መሆኑን ያረጋግጡ። ላዩ ላይ በእርሳስ ፍርግርግ ያስምሩ፤ መስታወቱ ላይ በተዘረጋ እርጥብ ብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍጉት። መስመሩ ሁሉ እኩል እስኪጠፋ ይቀጥሉ፤ መሃሉ ላይ የቀረ መስመር ካለ ድንጋዩ ጎድጉዷል ማለት ነው። የጎደጎደ ድንጋይ የምላጩን ጫፍና ጫፍ ስሎ መሃሉን ይተዋል። ድንጋይ ካላገኙ ብርጭቆ ወረቀቱን ራሱን መስታወቱ ላይ በውሃ ለጥፈው በ1000 እና በ2000 መሥራት ይቻላል። ወረቀት ላይ ግን ጀርባው ይቅደም፤ ስለቱ ቀድሞ ቢሄድ ወረቀቱን ይተለትለዋል።

የምላጩን ጀርባ በአንድ ንብርብር ናስትሮ ይሸፍኑ፤ ከመበላት ያድነዋል። በናስትሮ ከጀመሩ በናስትሮ ይጨርሱ። መሃል ላይ ቢያነሱት ማዕዘኑ ይቀየርና የለፉበት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ሲሳሳ በአዲስ ይተኩት።

ከስለቱ ግራና ቀኝ የሚያብረቀርቁ ሁለት ቀጫጭን መስመሮች አሉ፤ ተዳፋት እላቸዋለሁ። ሁለቱን በማርከር ያጥቁሩና በ1000 ላይ ሦስት ጊዜ ብቻ ያንሸራቱ። ቀለሙ የጠፋበት ቦታ ድንጋዩ የነካው ነው። ቀለሙ ስለቱ ጫፍ ላይ ቀርቶ ላይኛው ብቻ ከጠፋ ገና አልደረሱም። እኔ እስካሁን ማርከሩን አልተውኩም፤ ዓይን ያታልላል፣ ቀለም አያታልልም።

አያያዙ እንዲህ ነው፦ ጭራውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይያዙ፤ ስለቱ ቀድሞ፣ ድንጋዩን እንደሚልጡት ሁሉ ይግፉ። ምላጩ ከድንጋዩ ስፋት ስለሚረዝም በሰያፍ ይሂድ፤ ከጭራው አጠገብ ተጀምሮ ጫፉ ላይ ይለቅ። መጨረሻ ላይ ሲያገላብጡት በጀርባው ላይ ይንከባለል፤ በስለቱ ላይ ካገላበጡት ጫፉ ያኔውኑ ይሄዳል። እጅ አይጫኑ። ብረቱን የሚበላው የእጅ ጉልበት ሳይሆን የድንጋዩ ቅንጣት ነው፤ ግፊት ስለቱን ያጎብጠዋል።

ሽርፈት ያለበት ምላጭ መስታወቱ ላይ በተለጠፈ 400 ይጀምራል። የዋሂሉ ምላጭ ሁለት ምሽት ፈጅቶብኛል። በየ20 ምቱ እያቆምኩ በስልክ ካሜራ አጉልቼ አየው ነበር። የጤፍ ፍሬ የነበረችው ነጥብ ሆነች፣ በሁለተኛው ምሽት ጠፋች። ነጥቧ እያለች ወደ 1000 ለመሻገር እጄ ስንት ጊዜ እንደከጀለ እኔ አውቃለሁ። አይሻገሩ፤ ቀጣዩ ድንጋይ ያለፈውን ስሕተት አያርምም።

1000 ላይ የሚቆዩት ሁለቱ ተዳፋቶች ጫፍ ላይ እስኪገናኙ ነው። ለማወቅ ስለቱን ወደ ላይ አድርገው መብራት ሥር ይያዙት። የተሳለ ስለት ብርሃን አይመልስም፤ ነጭ ሆኖ የሚያበራ ነጥብ ወይም መስመር ካዩ እዚያ ቦታ ገና ደንዝዟል። ቀጥሎ የክንድዎ ፀጉር ላይ ቆዳ ሳይጫኑ ይሞክሩት፤ ከጭራ እስከ ጫፍ እኩል መላጨት አለበት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። 1000 ላይ ያላለቀ ሥራ 8000 ላይ ቢያብረቀርቅም አይላጭም። ግማሹ ልፋት፣ እንዲያውም ከግማሽ በላይ፣ እዚህ ይሁን።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው። 4000 ላይ 30 ያህል የደርሶ መልስ ምት፣ 8000 ላይ 30፤ የመጨረሻዎቹ 10 በብዙ ውሃና በምላጩ በራሱ ክብደት ብቻ። ከአንድ ድንጋይ ወደ ሌላው ሲሻገሩ ምላጩንም እጅዎንም ይታጠቡ። 8000 ካጡ በ2000 ወረቀት ከጨረሱ በኋላ አረንጓዴ የብረት ማወልወያ ቅባት ደልዳላ እንጨት ላይ በተለጠፈ ቆዳ በስሱ ቀብተው፣ ጀርባውን አስቀድመው 40 ጊዜ ያመላልሱት። ያገለግላል፤ እንደ ድንጋዩ ግን አይሆንም።

7. ጠፍር

ጠፍሩን አንድ ጫፍ የበር እጀታ ላይ አስረው በግራ እጅዎ ይወጥሩት። ከረገበ ምላጩ ሲሄድ ቆዳው ስለቱ ላይ ይጠቀለልና ጫፉን ያዶለዱመዋል። እዚህ ሁሉም ነገር ከድንጋዩ ተቃራኒ ነው፤ ጀርባው ይቀድማል፣ ስለቱ ይከተላል። ሲያገላብጡ አሁንም በጀርባው። መጀመሪያ በተወጠረ የጥጥ ጨርቅ 20፣ ከዚያ በቆዳው 50 ጊዜ። ፍጥነት አይፈልግም። ጀማሪ ጠፍር መቁረጡ አይቀርም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ጠፍርዎ ርካሽ ይሁን፣ ትንሽ ጭረቱንም በ600 ወረቀት ያለስልሱት። ከእያንዳንዱ መላጨት በፊት ይህን ይደግሙታል፤ ድንጋዩ ግን ምላጩ መጎተት እስኪጀምር፣ ምናልባት ከወራት በኋላ፣ አያስፈልግም።

8. የመጀመሪያው መላጨት

ጢምዎን በሙቅ ውሃ በተነከረ ፎጣ ሦስት ደቂቃ ያለስልሱ። በእኛ ውሃ ሳሙና እንደልብ አረፋ አይሠራም፤ የዝናብ ውሃ ወይም ፈልቶ የጠለለ ውሃ ይጠቀሙ። አረፋው ቀጭን ከሆነ ምላጩ ቆዳ ይፍቃል።

ጉንጭዎ ላይ ብቻ ይጀምሩ፤ አገጭና ጉሮሮ ለሦስተኛው ወይም ለአራተኛው ቀን ይቆይ። ቆዳውን በሌላው እጅ ይወጥሩ፣ ምላጩን ወደ 30 ዲግሪ ያህል ያጋድሙ፣ በአጫጭር ምት ይሂዱ። ወደ ጎን ማንሸራተት መቁረጥ ነው። ጢሙ የሚወርድበትን አቅጣጫ ብቻ ይከተሉ። የእኛ ጢም የተጠቀለለ በመሆኑ በተቃራኒው አቅጣጫ ሲላጭ ከቆዳ ሥር ይቀርና መልሶ ወደ ውስጥ ይበቅላል፤ አንገት ላይ የሚያስቸግረን እብጠት ምክንያቱ ይኸው ነው። ለስላሳ ካልሆነ አረፋ ቀብተው በዚያው አቅጣጫ ይድገሙት። እየጎተተ ካሳመመዎ ያቁሙ፤ ወደ ጠፍሩ፣ ካልሆነም ወደ 8000 ይመለሱ። ጠለቅ ያለ ቁርጥ ካጋጠመ በንጹሕ ጨርቅ ተጭነው ይያዙና ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ የቴታነስ ክትባትዎ የቆየ ከሆነ ይንገሯቸው።

ሲጨርሱ ያለቅልቁ፣ ያድርቁ፣ አንድ ጠብታ ዘይት በጣትዎ ከጀርባ ወደ ስለት ይቀቡ። ከመታጠፉ በፊት አንድ ሰዓት ተከፍቶ ይቆይ።

የዋሂሉ ሰው ምላጩን ሊወስድ ሲመጣ እኔ ጋ ጉንጩን ተላጨ፤ መጀመሪያ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ በሁለተኛው ጉንጭ ተረጋጋ። ከዚያ ያንን የአባቱን ሻሽ አውጥቶ ምላጩን መልሶ ሊጠቀልል ሲል እጁን ያዝኩት። ያዛገው ሻሹ ነበር፤ ጨርቅ እርጥበት ይይዛል፣ ቆዳ ሰገባም እንደዚያው። ምላጩ አየር በሚገባበት የእንጨት ሣጥን፣ ከመታጠቢያ ቤት ርቆ፣ ልጆች በማይደርሱበት ከፍታ ይቀመጣል። ሻሹን ለብቻው አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።